ክረምቱን ያልሸሸው ኤድዋርድ ሩፔል

ባለፈው ሰኔ መጨረሻ ላይ አምስት ሆነን ከግቢያችን ወጥተን ወደ ጨሞጋ ወንዝ ወርደን ነበር። ለሳይንስ ትምህርት የተሰጠን ሥራ ነው፤ በአካባቢያችን የሚገኙትን ወፎች አይተን ስማቸውን ጽፈን እንድንመጣ። ስንወጣ ሰማዩ ደህና ነበር። ወንዙ ዳር ሳንደርስ ግን ከጮቄ በኩል የመጣው ጥቁር ደመና ላያችን ላይ ተገለበጠ። መጀመሪያ ካፊያ፣ ቀጥሎ ዶፍ፣ ቀጥሎ ባቄላ የሚያህል በረዶ። አንድ ባሕር ዛፍ ሥር ተኮልኩለን፣ ደብተራችንን በፌስታል ጠቅልለን ብብታችን ሥር ይዘን፣ ጥርሳችን እየተንቀጫቀጨ ቆምን። ከኛ ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ስምንት ጋጋኖዎች ጨፌው ላይ ተበትነው፣ በረዶው ከጀርባቸው እየነጠረ፣ ረጅሙን ቆልማማ መንቁራቸውን ለስላሳው ጭቃ ውስጥ እየሰኩ ትል ይለቅማሉ። እኛ ለቀኑ ስናዝን ለእነሱ የገበያ ቀን ነበር።

አንድ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ እረኛ ልጅ ገሳውን ደፍቶ በጎቹን እየነዳ መጣና ሳቀብን። እውነቱን ነው፤ አምስት ትልልቅ ሰዎች ወፍ ለማየት ብለው በበረዶ ሲደበደቡ ማንንም ያስቃል። ቢሆንም ቆሞ አጫወተን። በዚያች ሰዓት ካየናቸው አሥራ አራት ዓይነት ወፎች ውስጥ አስራ ሁለተኛን የጨረስነው እኛ በስም የለየነው አምስት ብቻ ሲሆን፣ ልጁ ግን አሥራ አንዱን ጠርቶልናል። የትኛዋ ጎጆዋን የት እንደምትሠራ፣ የትኛው ገብስ እንደሚያጠፋ ጭምር። ሁሉንም ጻፍን። ግቢ ስንመለስ ፌስታሉ ተቀዶ ኖሮ ቀለሙ ፈሶ ገጹ በሙሉ ሰማያዊ ሆኖ አገኘነው። ከልጁ ስሞች የተረፉን ሦስት ናቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ብንመለስም ልጁን አላገኘነውም።

ይህንን የምናወራው ለወሬ ያህል አይደለም። ሰኞ ዕለት ከቤተ መጻሕፍት ስለ ኢትዮጵያ አእዋፍ የተጻፈ መጽሐፍ አውጥተን፣ ያየናቸውን ከሥዕሎቹ ጋር እያመሳከርን ስንፈልግ፣ አንድ ነገር ዓይናችንን ሳበው። ከእያንዳንዱ የላቲን ስም ቀጥሎ የአንድ ሰው ስምና ዓመተ ምሕረት ይጻፋል። ይኸውም ወፉን ለሳይንስ መጀመሪያ የገለጸው ሰውና የገለጸበት ጊዜ ነው። ታዲያ ጋጋኖ ላይ ሩፔል 1837 ይላል። ወፍራም መንቁር ያለው ትልቁ ቁራችን ላይ ሩፔል 1836። በየቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ላይ የምትሰፍረው፣ አንገቷ ላይ ነጭ ሐብል ያሰረች የምትመስለው እርግብ ላይ ሩፔል 1837። ክንፈ ሰማያዊው ዝይ ላይ ሩፔል 1845። ይህ ሩፔል የሚሉት ሰው ማነው ብለን ተነሣን። ከዚህ በታች የምናቀርበው ካነበብነው ውስጥ ያጣራነውን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን፤ 1832 ክረምት በኛ አቆጣጠር 1824 መሆኑ ነው።

ኤድዋርድ ሩፔል በኅዳር ወር 1794 ጀርመን አገር ፍራንክፈርት ከተማ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ባለ ባንክ፣ ትልቅ ሀብታም ነበር። ልጁም ነጋዴ እንዲሆን ታስቦለት ነበር፤ ለወፍና ለዓሣ ማንም አላጨውም። ሐሳቡን ያስለወጠው በ1817 ወደ ግብጽና ወደ ሲና ያደረገው ጉዞ ነው። በዚያ ጉዞ ሄንሪ ሶልት ከተባለው እንግሊዛዊና ቡርክሃርት ከተባለው የስዊስ ተጓዥ ጋር ተገናኘ። ሶልት በዚያን ጊዜ ካይሮ የእንግሊዝ ቆንስል ሲሆን፣ ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ አገራችን ድረስ መጥቶ ትግሬን ያየ ሰው ነው። በ1814 ያሳተመው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ከአገራችን ይዟቸው የሄዱ ወፎች ዝርዝር ነበረበት። በተከዜ ወንዝ ስም የተጠራችው፣ አበባ የምትመጥጠው የደጋ ወፍ ስሟን ያገኘችው እዚያ ላይ ነው። እንግዲህ ወጣቱ ሩፔል ስለ ኢትዮጵያ ገና በሃያ ሁለት በሃያ ሦስት ዓመቱ ከሚያውቅ ሰው አፍ ሰምቷል ማለት ነው።

ወደ አውሮፓ ተመልሶ ኢጣሊያ አገር በፓቪያና በጀኖዋ ስለ እንስሳትና ስለ ዕፅዋት ትምህርት ተከታተለ። እዚህ ላይ እኛን የገረመን ነገር አለ። ሰውዬው ጉዞውን አይቶ ነው ትምህርቱን የፈለገው፤ ብዙዎቻችን ግን ትምህርቱን ጨርሰን እንኳ ከግቢ ወጥተን አናይም። በትውልድ ከተማውም በ1817 ዘንከንበርግ የተባለ የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር ተቋቁሞ ስለነበር የዚያ አባል ሆነ። ማኅበሩ ሙዚየም ነበረው፤ ከዚያ በኋላ ሩፔል የሰበሰበው ሁሉ ወደዚያው ነው የገባው።

የመጀመሪያው ትልቅ ጉዞው ከ1821 እስከ 1827 የቆየ ሲሆን በሲና፣ በቀይ ባሕርና በኑቢያ ነበር። ሚካኤል ሃይ የተባለ ሐኪም አብሮት ሄዷል። በዚህ አናዘገያችሁም፤ አሸዋና ሙቀት ነው። እኛን የሚመለከተው ሁለተኛው ጉዞ ነው።

በ1830 ከአገሩ ተነሥቶ በ1831 መስከረም ምጽዋ ገባ። ጊዜው ክፉ ነበር። የትግሬው ገዥ ደጃዝማች ሰባጋዲስ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ በደብረ ዓባይ ጦርነት ተማርከው ተገድለዋል፤ አገሩ ባለቤት አጥቶ ይታመስ ነበር። መንገድ የለም። ሩፔልም ምጽዋና ዳህላክ ደሴቶች ላይ ዓሣ እያጠመደ፣ ሥዕል እየሣለ ሰባት ወር ያህል ጠበቀ። በሚያዝያ ወር 1832 መንገድ አግኝቶ ወደ ደጋው ወጣ፤ ትግሬን አቋርጦ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ ክረምቱ ሲገባ ሰሜን ተራራዎች ውስጥ ደረሰ። ከሱ ጋር ቴዎዶር ኤርክል የሚባል፣ የወፍና የአውሬ ቆዳ በማዘጋጀት የሠለጠነ ወጣት ነበር።

እዚህ ላይ ሩፔልን ጀግና አድርገን ልናቀርበው አንፈልግም። ክረምቱን በሰሜን ያሳለፈው መንገዱ ስለተዘጋበት ነው። አገራችን ውስጥ በዚያ ዘመን ክረምት ከገባ ነጋዴው ሸቀጡን ይቋጥራል፣ ወታደሩም ይበተናል፣ ዘመቻ የለም። ወንዝ ድልድይ የለውም፤ ጅረቱ ሁሉ ወንዝ ይሆናል። ጎንደር ለመድረስ ጥቂት ቀን የቀረው ሰው እንኳ መስከረም እስኪጠባ ይቀመጣል። እሱም እንጨትካብ በምትባል የሰሜን መንደር ተቀመጠ። ልዩነቱ ግን ተቀምጦ እሳት ብቻ አልሞቀም።

የሰሜንን ክረምት ያላየን እንኳ ጮቄን ስለምናውቅ ልንገምተው እንችላለን። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ሆና በሐምሌ ሁለት ብርድ ልብስ አይበቃንም። ጮቄ ጫፉ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ሰሜን ደግሞ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። እንደዚህ ያለ ቦታ ላይ ዝናቡ በረዶ ሆኖ ይወርዳል፤ አንዳንድ ጧት መሬቱ ነጭ ለብሶ ያድራል። ጉሙ ሲወርድ አጠገብህ ያለው ሰው ይጠፋብሃል። ሩፔል የመጣበት አገር ግን በዚያው ወር በጋው ነው። የአውሮፓ ክረምት በኛ የገና ሰሞን የሚመጣ ሲሆን፣ ሐምሌና ነሐሴ ፍራንክፈርት ላይ ሰው ጥላ የሚፈልግበት ጊዜ ነው። በአፍሪካ ምድር፣ ከምድር ወገብ አሥራ ሦስት ዲግሪ ላይ፣ በሐምሌ ወር ጣቱ በብርድ እየደነዘዘ መጻፉን ለአገሩ ሰዎች ማስረዳት ሳይቸግረው አልቀረም።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። የዚያ ዘመን ወፍ አጥኚ እንደዛሬው በሩቅ ማያ መነጽር አይቶ፣ ጽፎ የሚሄድ አይደለም። ይተኩሳል። ከተኮሰ በኋላ በዚያው ቀን ወፉን ይገፋል። ሆዱ ላይ በስለት ከፍቶ ሥጋውን አውጥቶ፣ ክንፉንና እግሩን ከቆዳው ጋር አስቀርቶ፣ ቆዳውን ከውስጥ አርሰኒክ የተባለውን መርዝ ቀብቶ፣ ጥጥ ሞልቶ ይሰፋዋል። ከዚያ እግሩ ላይ ወረቀት ያስርበታል፤ የት፣ መቼ፣ ወንድ ወይስ ሴት። ያለ ወረቀቷ ቆዳው ጌጥ ነው እንጂ ዕውቀት አይደለም። ቀጥሎ ይደርቃል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በበጋ በሁለት በሦስት ቀን የሚደርቅ ነገር በክረምት አይደርቅም። ጭስ ካገኘው ይጠቁራል፣ እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፣ ላባው እየተነቀለ ይወድቃል። እናቶቻችን በነሐሴ ቋንጣ ለምን እንደማይሰቅሉ የሚያውቅ ሁሉ ይህ ሥራ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እነ ሩፔልና ኤርክል ግን ከዚያ ዝናብ ውስጥ ቆዳዎቹን አድርቀው፣ በሣጥን አሽገው፣ በበቅሎና በሰው ጀርባ አስጭነው፣ በመርከብ አሻግረው ፍራንክፈርት አድርሰዋቸዋል። ከወፎቹ ሌላ የተራራውን ከፍታ በባሮሜትር ይለካ ነበር።

ክረምቱ ያስቸገረውን ያህል ጠቅሞታል ብለን እናምናለን፤ ይህ የራሳችን ግምት ነው። ምክንያታችንን እናስረዳ። በበጋ አገራችን ውስጥ የሚታዩት ወፎች ግማሽ እንግዳ ግማሽ ባለቤት ናቸው። ከመስከረም ጀምሮ ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወፎች ይመጡብናል፤ ከብት ጭራ ሥር እየተሯሯጠች ጭራዋን ከፍ ዝቅ የምታደርገዋ ቢጫ ሆዷ ወፍ አንዷ ናት። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይመለሳሉ። በክረምት ከእነዚህ እንግዶች አብዛኞቹ ሄደው የሚቀረው በብዛት ባለ አገሩ ነው። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ወንድ ወፎች የሠርግ ልብሳቸውን የሚለብሱት በክረምት ነው። ሌላ ጊዜ ድንቢጥ የሚመስለው ግራጫ ወፍ በሐምሌና በነሐሴ ጥቁርና ቢጫ፣ ወይም ጥቁርና ቀይ ይሆናል። አያቶቻችን የመስቀል ወፍ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትታየው የሚሉት ለዚህ ነው። የትም አልሄደችም፤ ልብስ ለውጣ ነው። ስለዚህ በበጋ የሚመጣ ተመራማሪ የማያየውን፣ ክረምቱን ተቀምጦ የከረመ ያያል።

ከሰሜንና ከአካባቢው ይዞ ከሄዳቸው ውስጥ ዓለም የተደነቀባቸው ወፎቹ ብቻ አይደሉም። ዛሬ መላው ዓለም የኢትዮጵያ ምልክት አድርጎ የሚያያቸውን ጭላዳና ዋልያ በ1835 ለሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው። ቀይ ቀበሮንም እንዲሁ በ1840። ቀይ ቀበሮ ዛሬ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ያለውም በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራራዎች ላይ ነው።

ስሞቹን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ጭላዳን በላቲን ሲጠራው ጌላዳ አለው፤ ጭላዳ የሚለውን በጀርመን ጆሮ ሰምቶ ነው። ዋልያን ዋሊዬ አለው። ቀይ ቀበሮንና አንዱን የደጋ ወፍ ሲመንሲስ አላቸው፤ ሰሜናዊ፣ የሰሜን አገር ሰው እንደማለት ነው። አዲስ ስም ሊፈጥርላቸው ይችል ነበር። ለነጩ ሐብል እርግብና ለወፍራም መንቁሩ ቁራ መልካቸውን ብቻ አይቶ የላቲን ስም ፈጥሯል። ለዋልያና ለጭላዳ ግን የሰማውን ስም ጻፈ። እንግዲህ አንድ ቀን እንጨትካብ አካባቢ አንድ ሰው፣ ምናልባት አዳኝ፣ ምናልባት እረኛ፣ ወደ ገደሉ ጠቁሞ ስሙን ነግሮታል ማለት ነው። ያ ቃል ዛሬ በቶኪዮም በለንደንም በሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ ይጻፋል። የተናገረው ሰው ስም ግን የለም።

ይህ ነገር እኛን አከራክሮናል። ከመካከላችን ሁለታችን ሩፔልን እንወቅሳለን። አብሮት ለመጣው ለኤርክል አንድ የቆቅ ዘር በስሙ ተሰይሞለታል፤ በ1835 የተገለጸው የደጋው ትልቅ ቆቅ እስከ ዛሬ የኤርክል ቆቅ ይባላል። ሣጥኑን በዝናብ ተሸክመው ገደል ያወጡትና ያወረዱት፣ መንገድ የመሩት፣ የወፉን መዋያ ያሳዩት የአገሬው ሰዎች ግን በአንድ ድንቢጥ እንኳ ስም አልተጠሩም። ሌሎቹ ሦስታችን ደግሞ የዘመኑ ልማድ እንደዚያ ነበር፤ ቢያንስ የአገሩን ቃል ጠብቆ አስተላልፏል እንላለን። ክርክሩ አላለቀም። ከሁለቱም ወገን ያለን ሰዎች ግን የምንስማማበት አንድ ነገር አለ። እሱ የሰማውን ስም ሳይረጥብበት አድርሶታል፤ እኛ አላደረስንም።

መስከረም ጠብቶ ጥቅምት ሲገባ ሩፔል ወደ ጎንደር ገባ። እስከ 1833 ግንቦት ድረስ ጎንደርን ማረፊያው አድርጎ ወደ ቆላው፣ ወደ ጣና ዳርቻ፣ እንዲሁም አባይ ላይ ወደተሠራው የጥንት የድንጋይ ድልድይ ተጉዟል። ድልድዩን የተሻገረ ሰው ጎጃም ገባ ማለት ነው። ወደ እኛ ወደ ደብረ ማርቆስ በኩል ግን አልዘለቀም፤ ቢመጣም ከተማ አያገኝም ነበር፤ ደጃዝማች ተድላ ጓሉ መንቆረርን የቆረቆሩት ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ከጣና የወሰዳቸውን ዓሣዎች በ1835 ገልጿቸዋል፤ ባሕር ዳር ሄዶ ዓሣ የበላ ሁሉ ሩፔል ከገለጸው ዘር ሳይቀምስ አልቀረም።

በጎንደር የተወዳጃቸው ትልቅ ሰው ሊቅ አጽቁ ናቸው። ሊቅ አጽቁ በጎንደር ዕውቀታቸው የተመሰከረላቸው ሊቅ ሲሆኑ፣ የነገሥታቱን ታሪክ አሰባስበው ለሩፔል አስገልብጠውለታል። እሱም ከሌሎች የግዕዝ መጻሕፍት ጋር ወስዶ ለፍራንክፈርት ቤተ መጻሕፍት ሰጠው፤ የታሪክ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። የሊቁ ስም አልጠፋም። ለምን ቢባል የጻፉ ሰው ናቸውና። የተናገረ ተረሳ፣ የጻፈ ቀረ። እኛ በዚህ ላይ ብዙ ማለት አንፈልግም፤ ልብ ብላችሁ እለፉት።

በ1834 አገሩ ገባ። አራት ዓመት ሙሉ ጠፍቶ የከረመ ሰው ነውና፣ እዚህ ቢሆን የቁራ መልክተኛ ነው ተብሎ ተስፋ ይቆረጥበት ነበር። እሱ ግን ቁራውን ራሱን ይዞ ነው የተመለሰው። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ባጭሩ እንናገር፤ ብዙው የጠረጴዛ ሥራ ነው። ከ1835 እስከ 1840 የኢትዮጵያን አዳዲስ እንስሳት በባለ ቀለም ሥዕል የያዘ ትልቅ መጽሐፍ በየክፍሉ አሳተመ። በ1838 እና በ1840 የጉዞውን ታሪክ በሁለት ቅጽ አወጣ። በ1839 የለንደኑ የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳልያ ሸለመው፤ ለውጭ አገር ሰው ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። በ1845 የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ወፎችን ዝርዝር አወጣ፤ ክንፈ ሰማያዊው ዝይና የደጋው ጡተ ነጠብጣብ ወፍ የገቡት በዚህኛው ነው። በኋለኛው ዕድሜው ወደ ጥንታዊ ሳንቲም ጥናት አዘነበለ።

ስለ ወፎቹ አንድ ሁለት ነገር ጨምረን እንናገር፤ ከሰውዬው ሕይወት ይልቅ እነሱ ቅርባችን ናቸውና። ወፍራም መንቁሩ ቁራ በዓለም ካሉት የቁራ ዘሮች ከትልልቆቹ አንዱ ሲሆን፣ መኖሪያው ይኸው የኛ ደጋና የኤርትራ ደጋ ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ጨርቅ የተለጠፈበት ይመስላል። ከተማችን ውስጥ ሊያየው የሚፈልግ ሰው ተራራ መውጣት አያስፈልገውም፤ ከብት ወደሚታረድበት ቦታ ጧት ብቅ ይበል። ቁራን በቄራ እንደሚባለው ነው። ከአውሮፓ ድረስ ገንዘብ ከፍለው የሚመጡ ወፍ ወዳዶች ለዚህ ቁራ ሲሉ በብርድ ውስጥ ሰዓታት ይቆማሉ፤ እኛ በድንጋይ እናባርረዋለን። ጋጋኖም እንዲሁ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በስተቀር የትም የላትም። ጉሮሮዋ ሥር የተንጠለጠለችውን ሥጋ ያላየ ሰው ሌላ ቆልማማ መንቁር ያለው ወፍ ሊመስለው ይችላል። ማታ ማታ ወደ ማደሪያዋ ስትሄድ በግቢያችን ላይ እየጮኸች የምታልፈው እሷው ናት፤ ጥናት አስቸገረን እያልን የምናማርራት።

በሩፔል ስም የሚጠራም አሞራ አለ። ስሙን ያወጣለት እሱ ራሱ አይደለም፤ አልፍሬድ ብሬም የተባለ ሌላ ጀርመናዊ በ1852 ለክብሩ ሰየመለት። ላባው ጠርዝ ጠርዙ ነጣ ነጣ ስለሚል የዓሣ ቅርፊት ይመስላል። በኅዳር ወር 1973 በምዕራብ አፍሪካ ከአቢጃን ከተማ በላይ አንድ አውሮፕላን ከዚህ አሞራ ጋር ተጋጨ። አውሮፕላኑ ይበር የነበረው ከ11,000 ሜትር በላይ ላይ ነው። ራስ ዳሽን ላይ ሌላ ራስ ዳሽን ቢጨመርበት እንኳ እዚያ አይደርስም። ከዚህ በላይ ከፍ ብሎ የበረረ ወፍ አልተመዘገበም። አየሩ ሰው ትንሽ ደቂቃ ሳይቆይ ራሱን የሚስትበት፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ የሚሆንበት ነው። እኛ ስለ ጨሞጋ በረዶ ማማረራችንን ያቆምነው ይህንን ካነበብን በኋላ ነው። ይኸው አሞራ ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዘሮች ውስጥ ተመዝግቧል። አንዱ ምክንያት መርዝ ነው፤ ለጅብና ለውሻ ተብሎ መርዝ የተደረገበትን ጥንብ በልቶ በመንጋ ያልቃል። ወደፊት የምንመደበው በየገጠሩ ነውና ይህን ለአካባቢው ሰው መንገር የኛ ሥራ ሳይሆን አይቀርም።

ኤድዋርድ ሩፔል በታኅሣሥ ወር 1884 በተወለደበት ከተማ ዘጠና ዓመት ሞልቶት አረፈ። ከቆላው ወባና ከደጋው ብርድ ተርፎ እዚህ ዕድሜ የደረሰ ተጓዥ በዚያ ዘመን ብዙ የለም። ዘንከንበርግ ሙዚየም ፍራንክፈርት ውስጥ ዛሬም አለ፤ የሱ ስብስብም እዚያ ነው የገባው።

አሁን ስለራሳችን ሥራ። ከዚህ ጽሑፍ አጠገብ በስተቀኝ በኩል አንድ ባዶ ወረቀት ለጥፈናል። አራት መስመር ተሠምሮበታል፤ የወፉ ስም በአገራችሁ አነጋገር፣ መልኩ፣ የታየበት ቦታ፣ የታየበት ወር። ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከደጀን፣ ከደምበጫ፣ ከስናን የመጣችሁ ሁሉ እናቶቻችሁና እረኛ ወንድሞቻችሁ የሚጠሩበትን ስም ጻፉበት። አንዱን ወፍ ሁለት አገር በሁለት ስም ቢጠራው ሁለቱንም ጻፉ፤ አትሰርዙ። ያየነው ወፍ ጋጋኖ መሆኑን እንኳ ከመካከላችን አንዱ የቆላ ልጅ አላምንም ብሎ ተከራክሮን ነበር። መምህራኖቻችንም ብትጨምሩበት ደስ ይለናል።

ቅዳሜ ደግሞ ተመልሰን ወደ ጨሞጋ እንወርዳለን። የሚመጣ ሰው ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ጋ ይገኝ። ገሳ ያለው ገሳ፣ የሌለው ላስቲክ ይያዝ። እስክሪብቶ አታምጡ፤ እርሳስ ይዛችሁ ኑ።